ከኅዳር እስከ ነሐሴ የሠራሁበት የመወርወሪያ ገመድ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ዛፍ ላይ በገመድ ወጥቶ የሚሠራ ሰው 2.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ዳይኒማ ከሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ መወርወሪያ ገመድ ቢገዛ አይቆጨውም። ጫፉ ላይ ለሚታሰረው ከረጢት ክብደት ግን የገመዱን ያህል ካልተጨነቀ ግማሽ ዕቃ ነው የገዛው። እኔ ኅዳር ላይ ከውጭ በመጣ ዘመድ በኩል 60 ሜትር አስመጣሁ፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አብረውት ሁለት ከረጢቶች መጡ፤ አንዱ 280 ግራም፣ ሌላው 400 ግራም ገደማ። እስከ ነሐሴ ድረስ ከተማው ውስጥ፣ ጎዛምንና አነደድ ገጠር፣ አንዳንዴም ደምበጫ ድረስ ሄጄ ሠርቼበታለሁ።

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ይህ ሰው የሚንጠለጠልበት ገመድ አይደለም። ጫፉ ላይ ከባድ ከረጢት ታስሮ ከመሬት ይወረወራል፤ የተፈለገውን ባላ ተሻግሮ ይወርዳል። ከዚያ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዋናው የመውጫ ገመድ በዚህ ቀጭን ገመድ ተጎትቶ ይወጣል። በእኛ አገር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ግንዱን አቅፎ በባዶ እግሩ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እስኪጨብጥ ድረስ ከክንዱና ከጭኑ በቀር የሚይዘው ነገር የለም። ነጭ ባህር ዛፍ ደግሞ የታችኛውን ቅርንጫፍ ራሱ እያራገፈ ስለሚያድግ ያ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ከቤት ጣሪያ እጅግ ከፍ ይላል። እዚያ መሀል ላይ ክንድ ከዛለ ምን እንደሚከተል ጎጃም ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዕቃ ይህን ያህል የምጽፈው ያንን አደገኛ መንገድ ስለሚያስቀር ነው።

ከዚህ በፊት ሲባጎ ላይ ድንጋይ እያሰርን ነበር የምንሠራው። የናይለን ሲባጎ ይለጠጣል፤ ዝናብ ሲመታው ውኃ ይጠጣል፤ ቅርፊት ላይም ይንቀረፈፋል። ሰማያዊው የፕላስቲክ ገመድ በበኩሉ የደጋ ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቅና እጅ ላይ ይፈረፈራል። ዳይኒማ ከነዚህ ሁሉ ይሻላል። ውኃ አይጠጣም፤ እንዲያውም ክብደቱ ከውኃ ስለሚያንስ ይንሳፈፋል። አይለጠጥም፤ ስለዚህ ከታች ስስበው ላይ ያለው ከረጢት ወዲያው ይታዘዘኛል። ከሁሉም በላይ ያሟልጫል፤ ባላው ላይ ሲያልፍ ከረጢቱን ሳያስቸግር ይለቀዋል።

በዚሁ ሙልጭልጭነቱ ምክንያት ግን ቋጠሮ አይዝለትም። ለሲባጎ የሚበቃው ተራ ቋጠሮ እዚህ ይሾልካል። ከረጢቱን ሳስር ቀለበቱን ሁለት ጊዜ አዙሬ ጫፉን በራሱ ሥር አሳልፌ አጠብቀዋለሁ፤ የሚተርፈውንም አንድ ጋት ያህል አስረዝመዋለሁ። ዋናውን ገመድ ሲጎትት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢታሰር ጉብ ብሎ ባላው ላይ ይቀረቀራል። ስለዚህ ከገመዱ ጫፍ ዝቅ ብዬ አስርና ወደ ጫፉ እያሳሳሁ ሦስት አራት ጊዜ እጠመጥመዋለሁ። እንዲህ ሲታሰር እየሾለ ገብቶ ያልፋል።

አሁን ወደ ከረጢቱ። ክብደቱ የሚመረጠው በዛፉ ቅርፊት ነው። ባህር ዛፍ ልጣጩን ጥሎ ሲለሰልስ 280 ግራሙ ይበቃዋል፤ ከፍም ይላል፤ ገመዱ በልስልሱ ላይ ተንሸራቶ ከረጢቱ ያለ ችግር ይወርዳል። ጽድ ላይ ግን ያው ከረጢት ባላውን ተሻግሮ ሁለት ክንድ ያህል ይወርድና እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የጽድ ቅርፊት እንደ ቃጫ እየተላጠ ስለሚንዘላዘል ገመዱን ይይዘዋል፤ ትንሽ ክብደት አያላቅቀውም። ዋንዛና ግራርም ቅርፊታቸው ሻካራ ነው። ለነዚህ 400 ግራሙ ግድ ነው፤ ከፍታው ትንሽ ቢቀንስም መሬት ይደርሳል። ነጭ ባህር ዛፍም ቢሆን ልጣጩ ገና ተንዠርጎ ባለበት ወቅት ከባዱን ይፈልጋል። አንድ ከረጢት ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው 340 ግራም አካባቢ ያለውን ይውሰድ።

አወራወሩ ለአገራችን ልጅ ከባድ አይደለም። በቆሎና ማሽላ ሲጠብቅ ወንጭፍ የወነጨፈ እጅ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ያውቃል። ልዩነቱ ይህኛው አይሽከረከርም፤ ገመዱን በከረጢቱ ቀለበት አሳልፎ፣ ሁለቱን ወገን በሁለት እጅ ይዞ፣ በእግር መሀል ወደ ኋላና ወደ ፊት አወዛውዞ መልቀቅ ነው። ጠዋት ቢሠራ ይመረጣል፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ከሰዓት የሚነሣው ነፋስ ቀጭኑን ገመድ ወስዶ ያልታሰበ ቅርንጫፍ ላይ ያሳርፈዋል።

ያልታሰበ ቅርንጫፍ ላይ ቢያርፍም ሥራው አልተበላሸም፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ደጋግሞ በመወርወር ይደክማል። ከረጢቱ መሬት ከደረሰ በኋላ ፈትቼ በሌላው ጫፍ አስረዋለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ላይ እስበውና ከማልፈልገው ቅርንጫፍ አሻግሬ በምፈልገው ባላ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አድርጌ አወርደዋለሁ። ይህን ሁሉ ከመሬት ሆኜ፣ ዓይኔን ከባላው ሳልነቅል ነው የምሠራው። ገመዱ ለእኔ የሰጠኝ ትልቁ ነገር ይህ የመምረጥ ጊዜ ነው። ቅጠሉ ለምልሟል? ሥሩ ላይ ስንጥቅ አለ? ንብ ገብቶበታል? ሳይቸኩሉ ማየት ይቻላል። ዋናው ገመድ ከተሰቀለ በኋላም ከረዳቴ ጋር ሁለታችን እላዩ ላይ ተንጠልጥለን ሳንፈትነው ማንም አይወጣም። ባህር ዛፍ ድንገት ቀርጠፍ የሚል ዛፍ ነው።

በሚያዝያ የሠራሁበት ገጠር ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ጽድ ነበር፤ የደረቀ ቅርንጫፉ ቤተልሔሙ ጣሪያ ላይ ተንጋሎ ነበር። ጎጃም ውስጥ የቀረው የአገር በቀል ደን አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ግቢ የተጠበቀ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቦታ በጥንቃቄ ነው የሚገባው። አስተዳዳሪው «ልጄ፣ ደረቁን አውርድልን እንጂ ርጥቡን እንዳትነካብን» አሉኝ። «አባ፣ ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይልጠው ባላው ላይ እንደ እጅጌ ያለ መከላከያ አለብሰዋለሁ» ብዬ አሳየኋቸው።

እዚያ ከረጢቱ አንድ ጣት በምታህል ደረቅ ጭራሮ ላይ ዞሮ ተጠመጠመ። ሰው እዚህ ላይ ነው ተናድዶ በሙሉ ኃይሉ የሚስበው። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ጭራሮው ሲሰበር 400 ግራም እርሳስ የያዘ ከረጢት ፊት ለፊት ይመጣል፤ ቀጭኑ ገመድም እጅ ላይ ከተጠቀለለ ሥጋ ይቆርጣል። መፍትሔው ማላላት ነው። ገመዱን ለቀቅ አድርጌ ከታች ወደ ላይ ሞገድ እንዲሄድበት ደጋግሜ አወዛወዝኩት፤ ከረጢቱ በራሱ ክብደት አንድ ዙር ተፈታ፣ ቆይቶም ሁለተኛው። ግድ መሳብ ካለብኝ ገመዱን ዱላ ላይ ጠቅልዬ፣ ወደ ጎን ቆሜ፣ የራስ ቁር አድርጌ ነው። ከረጢቱ በሰላም መሬት ከደረሰ ደግሞ ገመዱን ከመመለሴ በፊት ሁልጊዜ ፈትቼ አነሣዋለሁ፤ ባዶ ጫፍ ብዙ ጊዜ አይቀረቀርም።

ስለ ማስቀመጫው ካልተናገርኩ ሰው ገመዱን ጥሎ ይሄዳል። 60 ሜትር ቀጭን ገመድ ዱላ ላይ እንደ ልቃቂት ከተጠነጠነ እየተጠማዘዘ ይሄድና ሲወረወር እርስ በርሱ ይተበተባል። ውጭ አገር ለዚህ የሚታጠፍ የጨርቅ ሳጥን ይሸጣሉ። እኔ የ20 ሊትር ጄሪካን አናቱን ቆርጬ፣ ጠርዙን ገመዱን እንዳይቧጭር በአሮጌ ጨርቅ ሸፍኜ እጠቀማለሁ። ገመዱን በእጅ በእጅ እየሳቡ እንዲሁ ወደ ውስጥ መጣል ነው፤ ማስተካከል አያስፈልግም። እንደገባ ይወጣል። ሣር ላይ ከተዘረጋ ግን አንዲት ጭራሮ ትበቃዋለች።

በክረምቱ ገመዱ አላሳፈረኝም። ጭቃውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፤ የጽድ ሙጫም በዚሁ ይለቃል። የፈላ ውኃ ግን አላስነካውም፤ ዳይኒማ 145 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነገር ነውና ሙቀት ጠላቱ ነው። በዚሁ ምክንያት ዋናው ገመድ በቀጭኑ ላይ እየተሻሸ እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ ሰበቃው ብቻ ይቆርጠዋል። ጥንካሬውን አይቶ «ሰው ይችላል» ብሎ ሊንጠለጠልበት የሚያስብ ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ተወው። እጅግ ቀጭን ነው፤ በሰበቃ ይቀልጣል፤ አይለጠጥምና የመውደቅን ንጥቂያ አያበርድም።

የመብራት ሽቦ ባለበትም አይወረወርም። ገመዱ ውኃ ባይጠጣም ላዩ ላይ ያለው እርጥበትና ጭቃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከተማ ውስጥ ባህር ዛፉ ከሽቦው ጋር የተጠጋ ከሆነ፣ የመብራት ሠራተኞች መጥተው መስመሩን እስኪዘጉ ድረስ ባለቤቱን «ጠብቁ» እላለሁ፤ ሥራው ለሌላ ሰው ቢሄድም ይሂድ።

አሁን ያለበት ሁኔታ፦ ከከረጢቱ በኩል ያለው አሥር ሜትር ያህል ጸጉር አውጥቷል፤ የቀረው አዲስ ይመስላል። ጸጉር ማውጣቱ አያሠጋም፤ የሳሳ ቦታ ካለ ግን ተቆርጦ ይጣላል። ገመዱን ገልብጬ ሌላውን ጫፍ መጠቀም ጀምሬያለሁ። ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፤ ከአረንጓዴ ቅጠልም ከሰማይም ላይ በግልጽ ስለሚለይ ሌላ ቀለም አልመክርም። ቅር ያሰኘኝ የትልቁ ከረጢት ስፌት ነው፤ ግንቦት ላይ ተተርትሮ የእርሳስ እንክብል ማንጠባጠብ ጀመረ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በሰም በተቀባ ወፍራም ክር ዙሪያውን አሰፋሁት፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍሬ አልወጣችም። እርሳስ መርዝ ስለሆነ የፈሰሰውን ለቅሜ አነሣሁ፤ ልጆችና ከብት በሚውሉበት ግቢ መተው አይገባም። ከረጢት ይዞ የዋለ ሰውም እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

1.75 ሚሊ ሜትሩንም በሰው እጅ ሞክሬዋለሁ። ከፍ ብሎ ይበራል፤ ግን እጅ ይቆርጣል፤ ሲተበተብም ለመፍታት ጥፍር አይዘውም። ለእኛ ሥራ 2.2 ይሻላል። ርዝመቱን ግን ከ60 ሜትር አታሳጥሩ። 20 ሜትር ላይ ያለ ባላ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ 40 ሜትር ይፈልጋል፤ ተዳፋት ላይ ቆሞ ለሚወረውር የቀረው 20 ሜትር ትርፍ አይደለም።