«ተፈትኖ ያለፈ ክላስተር» ሊሸጡላችሁ ሲመጡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት

ለሶፍትዌር ቡድኖች የሚቀርብ አንድ ፓኬጅ አለ። ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አከፋፍሎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) የተጫነባቸውና እንደ አንድ ክላስተር አብረው የሚሠሩ ሦስት ሰርቨሮች፣ ለኢንድ ቱ ኢንድ ቴስት ዝግጁ፣ «ለናንተ ብቻ የተመደበ»፣ «ተፈትኖ ያለፈ»። ዋጋው በዶላር ይተመናል፣ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ይጠየቃል። እኛ ወስደነዋል። ከሻጩ ጋር ገና ክርክር ላይ ስለሆንን ስም አልጠራም። ፓኬጁን ግን በሚከተሉት ምልክቶች ታውቁታላችሁ።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኢንድ ቱ ኢንድ ቴስት ሲስተሙን ደንበኛው እንደሚጠቀምበት ከጫፍ እስከ ጫፍ መሞከር ነው። ይመዘገባል፣ ያዛል፣ ይከፍላል፣ ኤስኤምኤስ ይደርሰዋል። አንዱ መሃል ላይ ከዘገየ ቴስቱ ይወድቃል። ስለዚህ የሚሮጥበት ሰርቨር የተረጋጋ ካልሆነ ውጤቱ ምንም አይነግራችሁም።

የኛ ቴስት ሌሊት ያልፋል፣ ረፋድ ላይ ይወድቃል። ኮዱን ማንም አልነካውም። ሎጉ «ታይም አውት» (የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ) ይላል፣ ደግማችሁ ስታስኬዱት ያልፋል። እንዲህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን ኮድ ነው፣ ሻጩም የሚገፋችሁ ወደዚያው ነው። የመጠበቂያ ሰከንዱን ጨምሩ ይላችኋል። ጨምራችሁ ጨምራችሁ በመጨረሻ እውነተኛውም ችግር ቢመጣ አረንጓዴ የሚያበራ ቴስት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ማየት ያለባችሁ ሊኑክስ ላይ ቶፕ የሚባለውን ትዕዛዝ ነው። የሲፒዩው መስመር መጨረሻ ላይ «ኤስቲ» የምትል ቁጥር አለች። የናንተ ቨርቹዋል ማሽን (ከአንድ ትልቅ ማሽን ተከፍሎ የተሰጣችሁ) ሲፒዩ ፈልጎ፣ ዋናው ማሽን ለሌላ ሰጥቶበት ተራ የጠበቀበትን ጊዜ በመቶኛ ታሳያለች። ለብቻ የተመደበ ማሽን ላይ ዜሮ ወይም እዚያው አካባቢ መሆን አለባት። የኛ በሥራ ሰዓት ከ20 በላይ ትወጣለች፣ ሌሊት ትወርዳለች። እንደ ሚኒባስ ትርፍ ተጭኖብናል ማለት ነው። አንዳንድ የቨርቹዋል ማሽን ሲስተሞች ግን ይህን ቁጥር ጭራሽ አያሳዩም። ስለዚህ ዜሮ ስላያችሁ ብቻ ልባችሁ አይረፍ።

አሁን ወደ ዋናው። «ተፈትኖ ያለፈ» የሚለው ከየት መጣ?

ኩበርኔቲስ ራሱን የሚፈትንበት የኢንድ ቱ ኢንድ ቴስት ስብስብ አለው። ከሱ ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉት «ኮንፎርማንስ» ይባላሉ፣ አንድ ክላስተር በትክክል ኩበርኔቲስ መሆኑን የሚያረጋግጡት እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያስኬዳቸው ሶኖቦይ በሚባል ነፃ መሣሪያ ነው። ሙሉው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሶኖቦይ ግን «ኩዊክ» የሚባል አጭር መንገድም አለው። ይህ የሚያስኬደው አንድ ቴስት ብቻ ነው፣ መሣሪያው ራሱ መሥራቱን ለማየት የተቀመጠ ስለሆነ በደቂቃዎች ያልቃል። ውጤቱ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን ያው «ፓስድ» ነው።

ሻጩ ያሳየን ሪፖርት ይኸው ነው! ከላይ «ፓስድ»፣ የወደቀ ዜሮ። ዝቅ ስትሉ ያለፈ አንድ፣ የተዘለለ በሺዎች። በሙሉው ሙከራም የተዘለሉት ብዙ ስለሚሆኑ እሱን አትዩት። ያለፈው ስንት ነው የሚለውን እዩ። በመቶዎች ካልሆነ ወረቀቱ ምንም አይደለም። «ሰርቲፋይድ ኮንፎርማንስ» በሚለው መንገድ ራሳችሁ አስኪዱት፣ የወጣውን ፋይልም ያዙት። ለዚህ የክላስተሩ ሙሉ የአስተዳዳሪ መብት ያስፈልጋችኋል። «ለደህንነት ሲባል አንሰጥም» ካሏችሁ ንግግሩን እዚያው ብታቆሙት ይሻላል።

ሙሉውን ቢያልፍ እንኳ ስለ ፍጥነት የሚያረጋግጠው ነገር የለም፣ ትክክለኛነትን ብቻ ነው። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ዲስክ ላይ ነው። ኩበርኔቲስ የክላስተሩን መረጃ ሁሉ የሚያስቀምጠው ኢቲሲዲ በሚባል ዳታቤዝ ነው፣ እሱ ደግሞ ለውጡን ዲስክ ላይ ሳያሰፍር ወደፊት አይሄድም። የራሱ ሰነድ ከ100 ጽሕፈት 99ኙ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች እንዲያልቅ ይመክራል። ፊዮ በሚባል ነፃ ፕሮግራም መለካት ትችላላችሁ። «ሦስት ኖድ» (በክላስተሩ ውስጥ ሦስት ማሽን) ሲሏችሁም ኢቲሲዲው ስንቱ ላይ እንዳለ ጠይቁ። ሦስት አባላት ካሉት አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል። የኛ አንድ ብቻ ነበር፣ ብሮሹሩ ላይ ግን «የማይቋረጥ» ይላል።

ሌላዋ ተንኮል ኢንተርኔቱ ላይ ናት። ብዙ ደንበኞች በአንድ የአይፒ አድራሻ ይወጣሉ። ዶከር ሀብ (ኢሜጅ የሚባሉት ለመሮጥ የተዘጋጁ የፕሮግራም ጥቅሎች የሚወርዱበት ድረ ገጽ) ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አካውንት ሳይገባ ኢሜጅ የሚያወርድን በአይፒ ይገድባል፣ በየ6 ሰዓቱ 100 ጊዜ ብቻ። የማታውቁት ጎረቤት ኮታውን ከጨረሰው የናንተ ቴስት ሳይጀመር ይወድቃል።

ክፍያው ላይም ተጠንቀቁ። «ቴስቱ ሲያልቅ ክላስተሩን አጥፉት፣ ሂሳቡ ይቆማል» ይላሉ። ክላስተሩ ይጠፋል። ሎድ ባላንሰሩ (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለው) እና የዲስክ ቮሊዩሙ (መረጃ የሚቀመጥበት የተከራያችሁት ዲስክ) ግን ቀድመው ካልተሰረዙ ለብቻቸው ይቀራሉ፣ በየሰዓቱም ይቆጥራሉ። ቮሊዩሙ «ሪቴይን» ተብሎ ከተዋቀረ ደግሞ እንዲቀር ታስቦ ነው የተሠራው። ኮንትራታችን ላይ የዶላሩ ምንዛሪ «በክፍያው ቀን በአቅራቢው በሚገለጸው ተመን» ይላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን ስለሆነ የባንክ ተመን መባሉ ራሱ ብዙ ያስጨንቃል። የአቅራቢው ተመን ማለት ደግሞ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ ነው። ይህን አንቀጽ ሳታስቀይሩ አትፈርሙ።

ደግሞስ መግዛት ያስፈልጋችኋል ወይ? ካይንድ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። የተሠራው በመጀመሪያ ኩበርኔቲስን ራሱን ለመፈተን ነው፣ በዶከር (ፕሮግራሞችን በአንድ ማሽን ላይ ለየብቻ አጥሮ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ውስጥ ብዙ ኖድ ያለው ክላስተር በደቂቃዎች ያቆምላችኋል። ጥሩ ራም ያለው አንድ ማሽን ካላችሁ ለአብዛኛው ቴስት ይበቃል። ከባድ ጭነትንና እውነተኛ ማሽን ሲወድቅ የሚሆነውን ግን አያሳያችሁም። ለነዚህ የግድ ከተከራያችሁ በሰዓት ተከራዩ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ለማንም አትክፈሉ።

ሻጩ እስካሁን የሰጠን መልስ «ኮዳችሁን አስተካክሉ» ነው። የኤስቲውን ቁጥር በየደቂቃው መዝግበን፣ ቴስቱ ከወደቀበት ሰዓት ጎን አስቀምጠን ልከናል። ይህን ፓኬጅ የያዛችሁ ካላችሁ እናንተም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለውን መዝግቡ። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው ከደረሰኙ ቀን ጀምሮ 15 ቀን ብቻ ነው፣ የተጻፈውም ኮንትራቱ ላይ ሳይሆን አባሪው ላይ ነው።