ችፌ በቤተሰብ ላይ የሚያሳድረውን ጫና የሚለካው መጠይቅ

በዌልስ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ይህ መጠይቅ፣ ችፌ ያለበት ልጅ ቤተሰብ ባለፈው አንድ ሳምንት የተሸከመውን ጫና በ10 ጥያቄዎች ይመዝናል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚያዝለት ድምሩ ከ30 አይበልጥም። እኔ የሞላሁት ልጄ ከጉልበቷ በስተኋላ ያለውን ቆዳ ስታክ አድራ፣ አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ ባየሁበት ጠዋት ነው። ስለ ቤተሰቡ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ዝግጅት፣ ስለ ወጪና ስለ ድካም መጠየቁ፣ ሐኪም ቆዳዋን ብቻ አይቶ የማያገኘውን ስለሚያሳይ እጅግ አደንቀዋለሁ። የከበደኝ፣ በሕክምናው መርዳት የዋናውን ተንከባካቢ ሕይወት ምን ያህል እንደነካ የሚጠይቀው ነበር፤ ቅባቱን ጠዋትና ማታ የምቀባት እኔ ብቻ መሆኔን እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልኩትም። ችፌ የሚበርድና የሚያገረሽ ሕመም በመሆኑ ግን የአንድ ሳምንት ነጥብ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ሕክምናው ሲጀመር ሞልቶ ከሳምንታት በኋላ መድገሙ ይሻላል።