አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይስ ቀይ? በትንሽ ገንዘብ ለማደስ የሚገዛው አሮጌ የጓሮ ትራክተር

ጆን ዲር አረንጓዴ ነው፣ ከብ ካዴት ቢጫ፣ ዊል ሆርስ ቀይ። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ባንዲራ ነው የሚወጣቸው። ይህን ቀልድ ያልቀለደብኝ ሐበሻ ጎረቤት የለም፣ እናንተም እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ግማሽ ኤከር የምታህል ጓሮ አለችኝ፣ ጎመንና ቃሪያ በሶብላም ጭምር የምተክልባት፣ የቀረው ሁሉ ሳር ነው። ሦስቱንም ትራክተር በየተራ ገዝቼ ፈትቻለሁ። ሁለቱን ሸጬ አንዱን አስቀርቻለሁ። ወሬውን የሰማ ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ይለኛል፣ እኔም መልሼ «ኪስህ ስንት ነው፣ ትዕግሥትህስ?» እለዋለሁ። የማወራው ስለ 1960ዎቹና 70ዎቹ ትራክተሮች ነው፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር።

ስለ ሞተሩ ቶሎ እንጨርስ። ሰው በብዛት የሚጨነቀው እሱ ላይ ነው፣ ትልቁ ልዩነት ግን እዚያ የለም። በዚያ ዘመን ከሦስቱም ፋብሪካ ከወጡት በጣም ብዙዎቹ ላይ የምታገኙት ሞተር አንድ ዓይነት ነው፦ ኮለር፣ የኬ ተከታታይ የሚሉት፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ ብሎኩ ድፍን ብረት። ባለ 8 የፈረስ ጉልበት አለ፣ ባለ 10፣ 12፣ 14ና 16ም አለ። ጋርኒሲዮን፣ የፒስተን ፋሻ፣ ካንዴላ፣ የካርቡሬተር ኪት፣ ሁሉም ዛሬም በኦንላይን ይገኛል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ስለዚህ ቀይ ገዛችሁ ቢጫ፣ ሞተሩን ስታድሱ የምታወጡት ያው ነው።

ለዓመታት ጎተራ ውስጥ ቆሞ የከረመ ኮለር አልነሳ ካለ ወዲያው ተበላሽቷል አትበሉ። እኔ እስካሁን ያጋጠመኝ ወይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኖ ነው፣ ወይ ደግሞ ፖይንቷ ዝጋ ነው። ፖይንት የሚሏት እሳት የምትሰጠዋ ትንሿ መገናኛ ናት፣ ሞተሩ ጎን ላይ በትንሽ ክዳን ተሸፍና ትቀመጣለች። ክዳኗን በካቻቢቴ ፍቱ፣ የቢዝነስ ካርድ ቁራጭ በመሃሏ አስገብታችሁ ጎተት ጎተት አድርጉ፣ ካርዱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙት። ክፍተቷ ስትከፈት ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሁን። የመጀመሪያው ትራክተሬ በዚች ብቻ ተነሳ፣ ሻጩ ግን «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ነበር የሸጠልኝ። እኔ እሱን ለማረም አልቸኮልኩም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሁሉም ኮለር አይደለም። አንዳንድ ዊል ሆርስና አንዳንድ ጆን ዲር 112 ቴኩምሴ ሞተር አላቸው። ያ ፋብሪካ በ2008 ሞተር መሥራት ስላቆመ የአንዳንዱ መለዋወጫ ፍለጋ ያስለቅሳችኋል። የሞተሩን ስም ሳታነቡ ብር አታውጡ። ሁለተኛ፣ ከ10 ፈረስ ጉልበት ጀምሮ ባሉት ብዙዎቹ ኮለሮች ውስጥ ንዝረት ለመቀነስ የገቡ ትንንሽ ባለ ጥርስ ማርሾች አሉ። እነሱ ከተሰበሩ ብሎኩን ይበሱታል። ሞተሩን ለሌላ ጉዳይ ከከፈታችሁት አውጥታችሁ ጣሏቸው፣ ያለ እነሱ ይሠራል።

ትክክለኛው ምርጫ ያለው ከሞተሩ ኋላ ነው፣ ማለትም ጉልበቱ ወደ ጎማው የሚሄድበት መንገድ ላይ። ሦስቱ ፍጹም የተለያዩት እዚህ ነው።

ቀዩ፣ ዊል ሆርስ፣ በ1946 ሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና ውስጥ የተጀመረ ነው፣ በ1986 ቶሮ የሚባል ኩባንያ ገዛው። አሠራሩን አይታችሁ «ይኸው ነው?» ትላላችሁ። ከሞተሩ አንድ ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) ወደ ካምቢዮው፣ ማለትም ማርሹ ወዳለበት ሳጥን፣ ይሄዳል፣ አለቀ። ፍሪሲዮን የምትሉት ፔዳል ዲስክ የለውም፣ ስትረግጡት ቺንጋውን ያላላዋል፣ ስትለቁት ያጠብቀዋል። ቺንጋው ሲያልቅ አዲስ ገዝቶ መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ካምቢዮው ደግሞ ድፍን ብረት ነው፣ ባለ 8 ፍጥነቱን ካገኛችሁ (ሲ 120 የሚለው ለምሳሌ፣ 12 ፈረስ ጉልበት) ከልጅ ልጅ የሚሻገር ዕቃ ነው።

አንድ በሽታ ግን አለው፣ እኔም ከፍዬ ነው የተማርኩት። ሁለተኛው የገዛሁት ቀይ ነበር፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ስቲከሩ ሳይቀር ተለጥፎ፣ መቀመጫው ቆዳ። የሚገርም ነበር፣ ውስጡን ለቄስ። ቤት አምጥቼ ከካምቢዮው ሥር ያለችውን የዘይት ማስወጫ ብሎን ፈታሁ። መጀመሪያ የወጣው ዘይት አልነበረም፣ ውኃ ነበር፣ ንጹሕ ውኃ፣ ግማሽ ኩባያ የሚሆን። ቀጥሎ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር እየተጎተተ ወጣ። ጉዳዩ ምን መሰላችሁ፣ ማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ሥር ያለችው የላስቲክ ሽፋን ስትቀደድ ዝናቡ ዘንጉን ታክኮ ቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ትራክተሩ ውጭ ቆሞ ከከረመ ውኃው ታች ይጠራቀማል፣ ክረምት ላይ በረዶ ይሆናል፣ ኩሽኔታዎቹ ይዝጋሉ። ሁለት ኩሽኔታና ሁሉንም ፓራኦሊዮ (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን ላስቲክ) ቀየርኩ፣ ሦስት ቅዳሜ ሄደ። እዚሁ ሠፈር አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ መጥተው አዩና «ልጄ፣ ቀለም ነው እንዴ የገዛኸው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ላይ መጀመሪያ የማየው ያችን ላስቲክ ነው።

ሌላው የቀዩ ችግር መሪው ነው። ከመሪው ሥር ያለው የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ጥርስ ይበላል፣ መሪው ሩብ ዙር ባዶውን ይዞራል። ክፍሉ ይገኛል። የኋላ ጎማ የሚታሰርበት ሃብ ደግሞ አክስሉ ላይ ዝጎ ይጣበቃል። በመዶሻ አትምቱት፣ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ማጥበቂያ ብሎን ፍቱ፣ ዘይት እየነፋችሁ ቀናት ስጡት።

ቢጫው ከብ ካዴት ነው፣ በእርግጥ ቢጫና ነጭ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ነው ከ1961 ሞዴሉ ጀምሮ ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ውስጥ ያመረተው፣ በ1981 ለሌላ ድርጅት እስኪሸጥ ድረስ። ይሄ የጓሮ ትራክተር ሳይሆን ያነሰ የእርሻ ትራክተር ነው። ካምቢዮው ራሱ ፋርሞል ከብ ከሚባለው የእርሻ ትራክተራቸው የመጣ ነው። ከመጀመሪያው ሞዴል በቀር ከሞተር ወደ ኋላ የሚሄደው ቺንጋ አይደለም፣ የብረት ዘንግ ነው፣ እንደ መኪና እውነተኛ ፍሪሲዮን ያለው። ለማረስ፣ በረዶ ለመግፋት፣ ጋሪ ለመጎተት ከሦስቱ እሱን የሚያህል የለም ባይ ነኝ።

ታዲያ ለምን ሸጥኩት? ፍሪሲዮኑን ለመድረስ ብዙ ማፍረስ ስለሚፈልግ ነው። ዘንጉን የያዙት የብረት ፒኖች ከስድሳ ዓመት ዝገት በኋላ አልወጣም ይላሉ፣ ሻሲው ጠባብ፣ እጅ አይገባም፣ መዶሻ መወዝወዣ ቦታ የለም። የፊት አክስሉ መሃል ያለው ቀዳዳም ይሰፋል፣ ጎማዎቹ ሰካራም ይመስላሉ። ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳውን አስፍቶ ቡሽ የሚሉትን ቀለበት ማስገባት ይቻላል፣ እኔ ግን ያስከፈሉኝ ክፍያ የትራክተሩን ግማሽ ዋጋ አካባቢ ነበር። ቶርኖ ያለው ዘመድ ካላችሁ ይሄ አንቀጽ አይመለከታችሁም።

ቢጫ ስትፈልጉ የምትጠቅም ዘዴ ልንገራችሁ። ከ100 እስከ 169 ያሉትን ሞዴሎች የመጨረሻ ቁጥር እዩ። ጥንድ ከሆነ (100፣ 122፣ 124፣ 128) በማርሽ ነው፣ ጎዶሎ ከሆነ (123፣ 125፣ 149፣ 169) በዘይት ግፊት የሚሄድ ሃይድሮስታቲክ ነው። ሃይድሮው ሲነዳ ይመቻል፣ ገንዘብ ቁጥብ ከሆነ ግን በማርሽ የሚሄደውን ግዙ። ማርሽ ሲታመም በጆሮ ይሰማል። የሃይድሮው ፓምፕ ግን ሳይናገር ይሞታል፣ ቀዝቅዞ እያለ ጥሩ ሄዶ ሲሞቅ ዳገት ላይ ይቆማል። ሻጩም ይህንን ስለሚያውቅ ለሙከራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያስነዳችሁ። አንዳንዶቹ በ70ዎቹ መሀል የወጡት ደግሞ ሞተሩ ላስቲክ ላይ የተቀመጠ ነው። ላስቲኩ ሲሞት ሞተሩ እየዘለለ ዘንጉን ይበላዋል። ሞተሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ከተንገዳገደ ዋጋ አስቀንሱ ወይ እለፉት።

አረንጓዴው። ጆን ዲር 110 በ1963 ሆሪኮን፣ ዊስኮንሲን ነው ሥራ የጀመረው፣ 112 በ1966 ተከተለ፣ 140 በ1968። ውበቱን አልክድም፣ ለዓይን እሱን የሚያክል የለም። ብዙዎቹ 110ና 112 ፔዳል ሳይረገጥ እየሄዱ ፍጥነት የሚጨምር የሚቀንስ ቫሪየተር የሚባል አሠራር አላቸው፣ ሁለት ቺንጋ በአንድ ተንቀሳቃሽ ፑሊ ላይ። ሲሠራ ደስ ይላል። ሲያረጅ ግን ሁለቱም ቺንጋ ልክ መሆን አለበት፣ ፑሊውም ከተበላ አዲስ ቺንጋ ብታስገቡለት ምንም አይፈይድም። መለዋወጫ በኩል ግን አይታማም፣ የክፍሎቹን ሥዕል ከነቁጥሩ ኩባንያው ራሱ በነፃ ያሳያል፣ ብዙ ነገር ዛሬም ይሸጣል። ዋጋው ነው እንጂ። አረንጓዴ ቀለም የነካው ነገር ሁሉ ይወደዳል፣ ሰብሳቢ ስለሚሻማበት። ከ1963 እስከ 67 የወጡትን ክብ የጎማ መሸፈኛ ያላቸውን፣ ወይም በ70 አካባቢ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በብርቱካንና በቢጫ ኮፈን የወጡትን በርካሽ ካገኛችሁ አታስቡ፣ ግዙ፣ ባታድሱትም ታተርፉበታላችሁ።

እንግዲህ ፊት ለፊት ስናመጣቸው፦ ብሎን ፈትቶ የማያውቅና ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ቀዩን ይግዛ፣ በማርሽ የሚሄደውን። ከባድ ሥራ ያለው፣ እጁም የለመደ ሰው ቢጫውን። መልሶ ለመሸጥ ያሰበ ወይም ለመልኩ የሚወድ፣ ኪሱም የሚፈቅድለት፣ አረንጓዴውን። እኔ ያስቀረሁት ቀዩን ነው። ያንን ውኃ የጠጣውን፣ አዎ።

ስለ ገንዘብ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ጎማ አንዱ ነው። አራት አዲስ ጎማ አንዳንዴ ትራክተሩ ከተገዛበት ይበልጣል፣ ስለዚህ ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ካልተቀደደ ውስጡ ከመነዳሪ አስገብታችሁ ተጠቀሙበት። ሁለተኛው ማጨጃው ነው፣ ከሥር የሚንጠለጠለው። «ማጨጃው የለም፣ ግን በቀላሉ ታገኛለህ» ካላችሁ ሻጭ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የዚያን ሞዴል ማጨጃ ለብቻው መፈለግ ወራት ይፈጃል፣ ስታገኙትም ላሜራው በስብሶ ብየዳ አልይዝ ይላል። ከነማጨጃው የሚሸጠውን መቶ ዶላር ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱ። ቀለሙ የመጨረሻ ነው፣ ባይኖርም ሳሩ አያውቅም።

ልታዩ ስትሄዱ ሻጩን ቀድማችሁ ደውሉና «ሞተሩን አታስነሳው፣ ቀዝቃዛውን ነው ማየት የምፈልገው» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቅ ካለ አስነስቶታል ማለት ነው፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አንድ መፍቻና አሮጌ የቡና ቆርቆሮ ይዛችሁ የካምቢዮውን ብሎን ላላ አድርጋችሁ የምትወጣዋን ጠብታ እንድታዩ አስፈቅዱ። እኔ እንዲህ ስጠይቅ ሁለት ሰው እሺ ብሎኛል፣ አንዱ ደግሞ ተቆጥቶ ግቢውን ዘጋብኝ።