ፋይበርግላስ ለሚያስመጣ ሰው፦ አንድ የኮምቦልቻ ትራንዚተር ቢሮ ሲገመገም

ኮምቦልቻ ላይ ትራንዚተር (የአስመጪን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ወኪል) ሞልቷል፤ ፋይበርግላስን ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ቢሮ ከደረቅ ወደቡ ብዙም አይርቅም። የሚያስመሰግን ሥራ አለው፣ የሚያስወቅስም አለው፤ ስለዚህ ስሙን ትተን አሠራሩን ብቻ እንናገራለን። ማት (ከመስታወት ጭረት የተነጠፈ ምንጣፍ መሰል ጥቅል)፣ ሮቪንግ (ያልተገመደ ረጅም የመስታወት ጭረት) እና የልስን መረብ ለሚያስመጣ ሰው ከአምስት አራት ተኩል እንሰጠዋለን። ግላስ ዉል (የመስታወት ሱፍ) ለሚያስመጣ ግን ከሦስት አናሳልፈውም።

ትልቁ ጥንካሬው ናሙና ሳያይ ዲክላራሲዮን (ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበትን ሰነድ) አለመክፈቱ ነው። ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ብቻ ይዞ የመጣ ደንበኛ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ እንዲያመጣ ይነገረዋል። ይህ ማጉላላት አይደለም። ኢንቮይስ ላይ «ፋይበርግላስ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል፤ በዓለም አቀፉ የዕቃ መለያ ቁጥር (ኤች ኤስ) ፋይበርግላስ በሚመደብበት አንቀጽ 70.19 ሥር ያሉት ንዑስ አንቀጾች ከአሥር በላይ ናቸውና።

ማቱን እንይ። እስከ 2022ቱ የኤች ኤስ እትም ድረስ ማት ሁሉ 7019.31 ነበር። አዲሱ እትም ግን ጭረቱ (ቀጫጭኑ የመስታወት ክር) በምን እንደተያያዘ እያየ ለሁለት ከፈለው። የቢሮው ሠራተኞች ማቱን ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። በረድፍ የተሰፋ ክር ካለው ጫፉን ይዘው ይስባሉ፤ ክሩ ሲተረተር ጭረቱ እጃቸው ላይ ይበተናል። ይህ በሜካኒካል መንገድ የተያያዘ ስለሆነ 7019.14 ነው። ስፌት ከሌለውና ጭረቱን የያዘው የዱቄት ወይም የፈሳሽ ማጣበቂያ ከሆነ ደግሞ 7019.15 ይሆናል። ኢንቮይሱ ላይ አሮጌው ቁጥር ተጽፎ የመጣ እንደሆነ አቅራቢው እንዲያስተካክለው ያስጠይቃሉ እንጂ እንዳለ አይገለብጡትም። የአቅራቢውን ኮድ ገልብጦ መሙላት ዛሬ ቢያልፍም በድህረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ልዩነቱን ከነቅጣቱ ያስከፍላል።

የተቆራረጠ ጭረት ሲመጣ ማስመሪያ ያወጣሉ። ከ50 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው 7019.11 ነው። በጥቅል የሚመጣው ሮቪንግ 7019.12፣ ከሮቪንግ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነው ደግሞ 7019.61 ነው።

ለልስን የሚሆነው መረብ ላይ ወሳኙ ስፋቱ ነው። ቀዳዳው በዓይን የሚታይ ሽምን ከ30 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ 7019.65፣ ከበለጠ 7019.66 ነው። ባለ አንድ ሜትሩ ጥቅልና ለስንጥቅ የሚሆነው ጠባቡ ጥብጣብ በአንድ ኮንቴይነር ሲመጡ ብዙ ቦታ በአንድ መስመር ይሞላሉ። እዚህ ቢሮ ለየብቻ ይመዘገባሉ፣ ክብደታቸውም ለየብቻ ይሰፍራል።

ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅ ከተማ ናት፤ የብዙ ዲክላራንት (ዲክላራሲዮን ሞይ) እጅ የለመደው ከምዕራፍ 50 እስከ 63 ያለውን የጨርቃጨርቅ ምድብ ነው። «ፋይበርግላስ ክሎዝ» የሚል ወረቀት ሲመጣ ዕቃው ሳይታሰብ ከጨርቅ ጋር ይመደባል። የዚሁ ምድብ (የክፍል 11) ማስታወሻ ግን የመስታወት ጭረትን በግልጽ አስወጥቶታል። መለያው የአንድ ክብሪት ሥራ ነው፦ የፖሊስተር ክር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጣር ጠብታ ይሠራል፤ የመስታወቱ ክር ግን ሽፋኑ ተቃጥሎ ይጠቁራል እንጂ ክሩ እዚያው ይቀራል።

ጠንካራ ዕቃ ላይም አይሳሳቱም። ጭረቱ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ተነክሮ፣ ተጨምቆ ደርቆ ግትር ከሆነ በኋላ የመስታወት ጭረት ጠባዩን አጥቷልና ወደ ምዕራፍ 39 (ፕላስቲክ) ይሄዳል። ከ300 ሊትር በላይ የሚይዝ የፋይበርግላስ ውኃ ታንከር 3925.10 ነው። እያንዳንዱ ጭረት የራሱ ሽፋን ያለው የኢንተርኔት ፋይበር ኬብልም 8544.70 እንጂ 70.19 አይገባም።

ድክመቱ ግላስ ዉል ላይ ነው። ቢጫ ከሆነ ግላስ ዉል፣ ግራጫ ከሆነ ሮክ ዉል (የድንጋይ ሱፍ) እያሉ በቀለም ይለያሉ። ቢጫነቱ በአብዛኛው የማጣበቂያው ቀለም ነው፤ ቡናማም ነጭም ግላስ ዉል አለ። የምዕራፍ 70 ማስታወሻ የሚጠይቀው ውህደቱን ነው፦ ሲሊካው በክብደት 60 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ60 በታች ሆኖ የፖታሲየም ወይም የሶዲየም ኦክሳይዱ ከ5 በመቶ፣ አለዚያም የቦሪክ ኦክሳይዱ ከ2 በመቶ የበለጠ። ይህን ያሟላ 7019.80 ይሆናል፤ ያላሟላው ሮክ ዉልና መሰሎቹ ወደሚመደቡበት 68.06 ያልፋል። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ የፋብሪካውን የኬሚካል ትንታኔ ወረቀት ዕቃው ሳይጫን አስልኩ። ቢሮው ወረቀቱን የሚጠይቀው ፈታሹ ከጠየቀ በኋላ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ኮንቴይነሩ ወደቡ ላይ ኪራይ ይቆጥራል።

ሌላው ቅሬታ ፍተሻ ላይ ነው። ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ ደረቁን በረሃ አቋርጦ የመጣ ማት ኮምቦልቻ ላይ በክረምት ላስቲኩ ተቀዶ ሲከፈት እርጥበት ይስባል። የረጠበ ማት ሬዚን በደንብ አይጠጣም፤ ሲደርቅ ነጭ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ቢሮው ሰው ይልካል፣ ግን የተቀደደውን መልሶ የሚያሽግ የለም። ሰፊ ላስቲክ፣ ፕላስተርና ጓንት ይዛችሁ ራሳችሁ ተገኙ።

በተደጋጋሚ ለምታስመጡ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሷቸው፤ ካልጠየቃችሁ አያነሱትም። ዕቃው ከመምጣቱ በፊት የታሪፍ ምድቡን ጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ እንዲወስንላችሁ ማመልከት ይቻላል። አንድ ዓይነት ማት በየጊዜው ለሚያስገባ የጀልባ ወይም የታንከር ሠሪ ከዚህ የተሻለ መተማመኛ የለም።

የዕቃ መግለጫ አጻጻፋቸው ግን ለሌሎችም አርአያ ነው፦ «የተቆራረጠ የመስታወት ጭረት ማት፣ በኬሚካል ማጣበቂያ የተያያዘ፣ 450 ግራም በካሬ ሜትር፣ ስፋት 1.04 ሜትር፣ ሬዚን ያልነካው»። ከዚያ ክብደቱን ያመሳክራሉ። ጥቅሉ 60 ካሬ ሜትር ከሆነ የተጣራ ክብደቱ 27 ኪሎ መምጣት አለበት፤ ፓኪንግ ሊስቱ 35 ካለ ወይ ካሬው ወይ ግራሙ ተሳስቷል፣ ወይም የካርቶኑና የፓሌቱ ክብደት ተቀላቅሏል። ይህን ፈታሹ ሳይሆን እነሱ ቀድመው ያገኙታል።

ክፍያቸው በዲክላራሲዮን ነው፤ መስመር ቢበዛም አይጨምርም። ናሙናውን ከኢንቮይሱ፣ ከፓኪንግ ሊስቱና ከፋብሪካው የቴክኒክ ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ፣ መርከቡ ጅቡቲ ሳይደርስ አድርሱላቸው።