«የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው» ብለው እንዳይሸውዷችሁ

ያገለገለ ኮምፒውተር እያፈላለጋችሁ ከሆነ ይህን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። «28 ኮር! የሰርቨር ፕሮሰሰር! ማንኛውንም ላፕቶፕ ያስከነዳል!» ይላል። ፎቶው ላይ በቀለም የሚንቦገቦግ ፋን የተደረደረበት ሳጥን አለ። ዋጋው ከደህና ላፕቶፕ ያንሳል። ባካችሁ አትቸኩሉ።

ሲጀመር ቁጥሩ ራሱ ትክክል አይደለም። ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚገኘው ኢንቴል ለሰርቨር የሠራው ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ነው። ያለው 14 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚሠራ ክፍል፣ ብቻ ነው። 28ቱ ትሬድ ነው፤ አንድ ኮር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ስለሚይዝ ዊንዶውስ እጥፍ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሻጩ ይህን ለይቶ ቢነግራችሁ ዕቃው ስለማይሸጥለት ዝም ይላል። ጭራሽ የአንዱን ኮር ፍጥነት፣ 2.4 ጊጋኸርዝን፣ በ28 አባዝቶ «67 ጊጋኸርዝ» ብሎ የሚለጥፍም አለ። የኮሮች ፍጥነት አይደመርም። እንዲህ ካለው ሰው ጋር ዋጋ መከራከር ራሱ ድካም ነው፣ ሞኝህን ፈልግ ብላችሁ እለፉት።

ፕሮሰሰሩ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ውድና የተከበረ ዕቃ ነበር። የተሠራው ግን ለሌላ ሥራ ነው። ሰርቨር ላይ በአንድ ጊዜ የብዙ ሰው ጥያቄ ይመጣል፣ ለዚያ ደግሞ ብዙ ኮር ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ ኮር ለብቻው ቀስ ቢልም ችግር የለም። ዳታ ሴንተሮች (ብዙ ሰርቨር የሚያኖሩ ድርጅቶች) ዕቃቸውን ሲቀይሩ አሮጌውን በጅምላ ያስወግዱታል፤ ገበያው ላይ እንዲህ የረከሰው ለዚህ ነው። እኛ ቤት የምንሠራው ሥራ ግን በአብዛኛው አንድ ወይም ጥቂት ኮር ላይ የሚንጠለጠል ነው። አንድ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ላይ አሥራ አራት ጸሐፊ ቢቀመጥ ቶሎ አያልቅም።

አንድ ወዳጄ የገዛውን እንዲህ ያለ ማሽን አብረን ፈትሸነዋል። ቀመር የበዛበት ትልቅ የኤክሴል ፋይል ከፍተን አንድ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) አስነሳን። ገጹ ደርቆ ቀረ። የዊንዶውሱን ታስክ ማኔጀር ስንከፍት ጠቅላላው የፕሮሰሰሩ (የሲፒዩ) አጠቃቀም 4 ከመቶ አካባቢ ነው። 4 ከመቶ! እኛ ቁጭ ብለን እየጠበቅን ማሽኑ ሥራ የለኝም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማክሮው የሚሠራው በአንድ ትሬድ ነው፣ ከ28 አንዱ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። የቀሩት ተቀምጠው ያያሉ። ያ አንዱ ደግሞ ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው የሚደርሰው።

አሁን ላፕቶፑን እንይ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ኮር አይ5-1240ፒ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ጊጋኸርዙ ብቻ አይደለም ልዩነቱ፣ አዲሱ ዲዛይን በአንድ ምት (ጊጋኸርዝ የሚቆጥረው ይህን ምት ነው) ውስጥ የሚጨርሰው ሥራም ይበልጣል። ስለዚህ ኮር ለኮር ሲለካ ዚዮኑ አጠገቡም አይደርስ። ሁሉንም ኮር የሚያሠራ ፈተና ላይ እንኳ፣ የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ደህና ከሆነ፣ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ያውም የላፕቶፑ መደበኛ የኃይል መጠን 28 ዋት ሲሆን የዚዮኑ 120 ዋት ነው። «ያስከነዳል» የተባለው ይኼ ነው እንግዲህ። በእርግጥ የላፕቶፕ ሻጮችም ቢሆኑ ቅዱሳን አይደሉም፤ «አይ7 ነው» ብቻ ብሎ ትውልዱንና የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል የሚደብቅ ሞልቷል።

ሌላው ከገዛችሁ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ነው። ይህ ዚዮን በውስጡ ግራፊክስ፣ ማለትም ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል፣ የለውም። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የግድ ካርድ ይሰካል፣ ብዙ ጊዜ ምስል ከማሳየት የማያልፍ አሮጌ ካርድ ነው። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ ደግሞ የኢንቴል ላፕቶፖች ቪዲዮ ለማፍጠን የሚጠቀሙበት ክዊክ ሲንክ እዚህ የለም። ራሙ የሰርቨር ራም ከሆነ ደግሞ ነገ ማሽኑን ብትቀይሩ ተራ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ አይሠራላችሁም።

ማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። «አዲስ ማዘርቦርድ» ይሏችኋል። ሰሌዳው አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ላዩ ላይ ያለው ቺፕሴት (ክፍሎቹን የሚያገናኘው ቺፕ) ግን ከአሮጌ ቦርድ ተነቅሎ የተበየደ ሊሆን ይችላል። አምራቹ ስም የለሽ ከሆነ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ የባዮስን፣ ማሻሻያ ከየት ታመጣላችሁ? አንዳንዶቹ አንዴ ስሊፕ ከገቡ አይነቁም። ዊንዶውስ 11ም ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይደግፍም። በዘዴ ይጫናል፣ እሱን ሻጩ ጭኖ ያሳያችኋል፣ ማሻሻያ መጥቶ እምቢ ሲል ግን ስልኩን አያነሳም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል።

ተገላቢጦሹም አለ፦ «የሰርቨር ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ»። ዚዮን ኢ3-1505ኤም ቪ5 የሚል ካያችሁ እሱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ 4 ኮር ያለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነው። በዚያው ዘመን ከወጣው ኮር አይ7-6820ኤችኪው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ዋናው ልዩነት ኢሲሲ የተባለውን ስህተት የሚያርም ራም መቀበሉ ነው። ለስሙ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ።

ቨርቹዋል ማሽን የምትደረድሩ፣ ስሪዲ ሬንደር የምታደርጉ፣ ብዙ ራም የግድ የሚላችሁ ሰዎች ካላችሁ ይህ ዚዮን በርካሽ ዋጋ ደህና ዕቃ ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። የቀራችሁት ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን አስልኩ። «ዚዮን» ብቻ መልስ አይደለም። ከዚያ ሲፒዩ-ዚ (የፕሮሰሰሩን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም) አስከፍቱና ስሙን አንብቡ፤ «ኢኤስ» የሚል ካለበት የሙከራ ናሙና ነው፣ ኢንቴል ለሽያጭ ያላወጣው ማለት ነው፣ አትንኩት። ቀጥሎ የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚለካውን ፕሮግራም፣ የሲኒቤንችን፣ ውጤት ጠይቁ። የሁሉንም ኮር ውጤት ፈጥኖ ይልክላችኋል። እናንተ የአንድ ኮሩን በሉት። «እሱ አያስፈልግም» ካለ ዕቃውን እዚያው ተዉለት።