ግራኝ ለሆንኩት ለእኔ የሽጉጥ ማህደር የሰፉልኝን ሰው አመስግኑልኝ

ይህን ምስጋና ሦስት ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው ነበር። አዲስ ዕቃ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ያምራል፤ ቸኩዬ አመስግኜ ሰው እንዳላሳስት ብዬ ማህደሩን በዝናብም በላብም አየሁት፣ ጠዋት ታጥቄው ስወጣ ማታ ስፈታው ቆየሁ። አሁን ልቤ አርፏል። የሽጉጥ ማህደር የሰፉልኝን ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ማመስገን ብቻም አይደለም፤ በሥራው ምክንያት ሽጉጥ የሚታጠቅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ እንዲሄድ እለምናለሁ።

ሥራዬ ጥበቃ ነው። ገንዘብ በሚያመላልስ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ፈቃድ ያለው 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ወገቤ ላይ ነው። በዚያ ላይ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ እርሳስ በግራ እጄ ስይዝ መምህሬ ጣቶቼን በማስመሪያ ይመታኝ ነበር፤ የሚወደኝ አባቴ እንኳ «ቀኝህን ተለማመድ» እያለ ይለምነኝ ነበር። አስለመዱኝና መጻፉን በቀኝ ለመድኩት። ሽጉጥ ግን በቀኝ እጄ መምዘዝ አልሆነልኝም፤ ነፍስ በሚያዝበት ሰዓት ደግሞ ሰው የሚዘረጋው የተፈጠረበትን እጅ ነው።

እዚህ ከመድረሴ በፊት ያየሁትን መከራ ልንገራችሁ። የማንንም ስም አላነሳም። መጀመሪያ የገዛሁት «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» የተባለ የጨርቅ ማህደር ነው። ለእኔ ግን አልሆነም፤ ሽጉጡ ውስጡ ይንቀሳቀሳል፣ ስሮጥ በእጄ ደግፌው ነበር የምሮጠው። ሌላ ቦታ ሄጄ ግራኝ መሆኔን ስነግረው ሻጩ የቀኝ እጅ ማህደር አውጥቶ «ገልብጠህ እሰረው» አለኝ። በግራ ጎኔ ሳስረው እጀታው ወደ ፊት ዞረ። እንዲህ ሆኖ እንዴት ይመዘዛል ብዬ ብጠይቀው «ይለመዳል» አለኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ያቺን «ይለመዳል» የምትል ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን አንገበገበችኝ።

ከዚያ በኋላ በትእዛዝ የሚሠራ ሰው አገኘሁ። ቀብድ ከፈልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ የሚመጣው ሳምንት እያለ ሁለት ወር አመላለሰኝ። በመጨረሻ የሰጠኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቀኝ እጅ ማህደር። ግራ ብዬ አስጽፌ፣ ደውዬ ደግሜ፣ እንደገና የቀኝ። «እመልስልሃለሁ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩን አንስቶልኝ አያውቅም።

ከሁሉም ያስፈራኝ ግን የወደድኩት ማህደር ነው። የግራ እጅ ነው፣ ቆዳው እንደ ጓንት የለሰለሰ፣ ፊቱ ላይ ቅጠል የተቀረጸበት። ያየው ሁሉ አድንቆልኛል። ጥቂት ወራት እንደታጠቅኩት አንድ ማታ ከመኪና ወርጄ ሽጉጡን ወደ ማህደሩ ስመልስ መሃል ላይ ያዝ አደረገኝ። ጠንከር አድርጌ ልገፋው ነበር። ለምን እንዳቆምኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። አውጥቼ ሳየው የማህደሩ አፍ በላብ ልሞ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የእኔ ሽጉጥ በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ የለውም፤ ቃታው ከተሳበ ይተኩሳል። አፈሙዙ ደግሞ ያን ጊዜ ወደ ታፋዬ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ እኚህ ሰው ወሰደኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ገና ስገባ፣ ምን እንደምፈልግ ሳይጠይቁኝ፣ «መጀመሪያ ባዶ አድርገው፣ ልጄ» አሉኝ። የጥይት ካዝናውን አወጣሁ፣ አቀባበልኩ፣ አሳየኋቸው። እሳቸውም ተቀብለው ደግመው አዩ፤ በትንሿ ጣታቸው ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ ዳሰሱ። ጥይቶቹን ሰብስበው ሌላ ክፍል ወስደው አስቀመጡ። ስንት ቦታ ሽጉጥ ታጥቄ ማህደር ልገዛ ገብቻለሁ፤ እንዲህ ያደረገ አንድም አልነበረም።

ከዚያ ያን ያማረ ማህደሬን ጠየቁኝ። አፈሙዙን አሸዋ ወደሞላ ባልዲ አዙረው ባዶውን ሽጉጥ አቀባበሉና ቀስ ብለው ወደ ማህደሩ ገፉት።

«ስማ» አሉኝ።

ቀጭ አለ።

ጣታቸው ቃታው አጠገብ አልነበረም። የታጠፈው ቆዳ ነው የሳበው። አውጥተው፣ እንደገና አቀባብለው ደገሙት። ቀጭ። እግሬ ከዳኝና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ አልተቆጡኝም፣ አልሳቁብኝም። ውኃ ሰጡኝና «ይህን ታጥቀህ ነገ ሥራ አትገባም» አሉኝ። አዲሱ መቼ ይደርሳል ብላቸው «ቆዳ አይቸኩልም፤ ረጥቦ ቅርጹን ይዞ በራሱ ጊዜ መድረቅ አለበት፤ አምስት ቀን» አሉ። አምስት ቀን ከቀረሁ ሥራዬን አጣለሁ አልኳቸው። እውነትም ፈርቼ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። «የአለቃህን ስልክ ስጠኝ» አሉኝ። ከገባሁ ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም፤ ስሜን እንኳ በቅጡ አላወቁትም። ደወሉ። አለቃዬን በትህትና ሰላም ብለው ያዩትን አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ «ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ሽጉጡ የሚባርቅበት በማህደሩ ነው፤ እስኪደርስለት መሣሪያ የማይዝበት ቦታ መድቡት» አሏቸው። አለቃዬ እሺ አሉ። አምስቱን ቀን በር ላይ መዝገብ ይዤ ሠራሁ፤ ደሞዜም አልተነካ፣ ሥራዬም አልተነካ። ዕቃ የሚሸጥ ሰው ለደንበኛው እንዲህ ሲሟገት አይቼ አላውቅም። ገንዘብ ገና አልከፈልኳቸውም ነበር እኮ!

ወደ ልኬቱ ስንገባ «በየትኛው እጅህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ግራኝ ነኝ ስል ድምፄ ዝቅ ብሎ ይቅርታ የምጠይቅ መሰለኝ፤ የልጅነት ልማድ ነው። ቀና ብለው አዩኝና «እጅህ ምንም አላጠፋም። የሚቀየረው ማህደሩ ነው» አሉኝ። ይህን ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖር ሄጄ በነገርኩት ብዬ ተመኘሁ።

አስቀመጡኝ፣ አስነሱኝ፣ አጎነበሱኝ። መኪና ውስጥ እንደምውል ስነግራቸው ዝቅ ያለ ወንበር አምጥተው እንደገና አስቀመጡኝ። ለካ የድሮው ማህደር ጫፉ ወንበሩን እየነካ እጀታውን ወደ ጎድኔ ሲገፋው ኖሯል፤ ጎኔን ሲያመኝ ብርድ ነው እያልኩ ነበር። ስለዚህ ከፍ አድርገው፣ ወደ ፊት 15 ዲግሪ ያህል አዘንብለው በወረቀት ነደፉት። ቀበቶዬን ፈትተው ለኩት፤ ወርዱ 38 ሚሊሜትር ነው፣ ቀበቶው የሚገባበት የማህደሩ ቀዳዳም ልክ እንደዚያው ሆኖ ተቆረጠ። ቀዳዳው ሰፋ ካለ ማህደሩ ሽጉጡ ሲመዘዝ አብሮ ይነሳል አሉኝ።

ስለ ቆዳው ብዙ አስረድተውኛል፤ የያዝኩትን ያህል ልበል። ለጃኬት የሚሆን ለስላሳ ቆዳ ለማህደር አይሆንም። በዛፍ ቅርፊት የለፋ፣ ጠንከር ያለ፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ የከብት ቆዳ ነው የሚፈለገው፤ ሲረጥብ ቅርጽ ይቀበላል፣ ሲደርቅ እንደያዘ ይቀራል። አፉ ላይ ተጨማሪ ቆዳ ደርበው ሰፉበት፤ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ተከፍቶ ይቆያል እንጂ አይታጠፍም። ቃታው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ ጣት አይገባም። ስፌቱን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ በሰም የተቀባ አንድ ክር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ፣ በአንዱ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ይተላለፋሉ። ክሩ በአንድ በኩል ቢበጠስ በሌላው በኩል ያለው ይይዛል። ሽጉጡን ከላይ የምትይዘውን ማሰሪያ ደግሞ በግራ አውራ ጣቴ ገፋ ሳደርጋት እንድትፈታ አድርገው አዙረው ሠሯት። ለግራኝ የተሠራች ማሰሪያ! ልጅ ሆኜ አዲስ ጫማ ሲገዛልኝ እንደምሆነው ሆንኩ።

በአምስተኛው ቀን ሽጉጡን ባዶ አድርገን ከተትነው። ማሰሪያውን ፈትተው ማህደሩን ትራስ ላይ ዘቅዝቀው አራገፉት። አልወደቀም። ስመዘው ግን ወጣ፤ ስመልሰው ገባ፤ የሚይዝ ነገር የለም። መቶ ጊዜ ያህል አስመዘዙኝ፣ አስከተቱኝ፣ እያንዳንዱን ጊዜ በዓይናቸው ተከታትለው። አንድ ጠርዝ ጎኔን እንደነካኝ እኔ ሳልናገር አይተው መልሰው አለዘቡት። በላዩ ልጨምርላቸው ብል እምቢ አሉ።

ሲሸኙኝ የነገሩኝን እናንተም ያዙ። ዘይት አትቀቡት፣ ይለሰልስና ዋጋ ያጣል። ከረጠበ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይም እሳትም አያሳዩት። ሽጉጥ በቆዳ ማህደር ውስጥ ከርሞ አይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና ብረቱ ይዝጋል፤ ማታ ማታ ይውጣና ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይደር። እኔ ቤት እንደዚያ ሆኗል። ሽጉጤን ከወገቤ ስፈታ ልጆቹን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባ የነበረችው ባለቤቴ ዛሬ ቁልፉን ራሷ ታቀብለኛለች።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ያማረ ማህደር አይታችሁ አትታለሉ። ሽጉጡን አውጥታችሁ አሁን ወገባችሁ ላይ ያለውን ማህደር አፉን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ ከታጠፈ ነገ አትታጠቁት። ወደ ጋሼ ሂዱ። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱ። ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ መበተን አልወደድኩም፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ አገናኛለሁ፣ ካስፈለገም አብሬ እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን ካነበቡልዎት፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የምትሄዱ ሰዎች የምትታጠቁበትን ቀበቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ቀበቶ ልኬት አይጀምሩም። ጥይቱን ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት አውጡ።