ቁልፉን ኪሳቸው ሳይከቱ ፋን የማይነኩ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ገላንና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የእንጨት ወይም የብረት ሥራ ያላችሁ፣ በተለይ ቀለም የምትረጩ፣ ይህን አንብቡልኝ። ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው፤ በዚያው ላመስግናቸው።

እኛ የቤት ዕቃ እንሠራለን። ቀለም መርጫ ክፍላችን ትልቅ የአየር ማውጫ ፋን አለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፋኑ እየጮኸ ክፍሉ ግን አልጠራ አለ። የቲነሩ ሽታ ማሽን ቤት ድረስ ይደርሳል። ሠራተኞቹ ልጆች ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይይዛቸዋል። አንድ ባለሙያ መጥቶ ካየ በኋላ፣ «ሞተሩ አንሷችኋል፣ ትልቅ ግዙ። ካልሆነም ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ጎማ) ቀይረን ፍጥነቱን እንጨምረው» አለን። የሞተሩን ዋጋ ስሰማ ሌላ ሰው ልጠይቅ አልኩ። ጎረቤታችን ባለ ጋራዡ ናቸው ጋሼን የጠቆሙኝ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ያሳለፉ ሰው ናቸው።

ገና እንደገቡ «አጥፉት» አሉ። ብሬከሩን አወረዱ፣ ጓጉንቸር ቆለፉበት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከልጆቻችን አንዱ፣ «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ማን ያበራዋል ብለው ነው?» አላቸው። «አንተ ሽንት ቤት ስትሄድ የሚመጣው» አሉት። ከዚያ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጡ። ፋኑ ጠፍቶም ቀስ እያለ ይዞር ነበር፤ የገላን ነፋስ በማውጫው ገብቶ ነው የሚያዞረው። በእንጨት አስደግፈው አቆሙትና ከዚያ በኋላ ብቻ እጃቸውን ሰደዱ።

ውስጡ የደረቀ ቀለም ክንፎቹ ላይ ተጋግሯል። አንዱ ክንፍ ላይ በዝቶ ሌላው ላይ ሲያንስ ፋኑ ይንቀጠቀጣል፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታም ይበላል። ፍቀው ያነሱት በእንጨት ነው። ብረት ለብረት ሲፋተግ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል፣ ቲነር ባለበት ደግሞ ብልጭታ አይፈለግም። ክንፎቹን ከዘንጉ ጋር የሚያስረውን ብሎን አጠበቁ፣ ቺንጋውን አይተው ወጠሩት፣ ኩሽኔታውን ግሪስ አጠጡ። በእጃቸው እያዞሩ የሚነካካ ነገር እንዳለ አዳመጡ። መሣሪያቸውን ቆጥረው ሰበሰቡና የቺንጋውን መከለያ መልሰው አሰሩ።

አሁን ያስነሱታል ብዬ ስጠብቅ ሁላችንንም ከፋኑ ፊት አስወጡን። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ብሬከሩን መለሱ። ማስነሻውን ነካ አድርገው ወዲያው አጠፉት። ፋኑ ሊቆም ቀስ እያለ ሲዞር፣ «ቀስቱን እዪ ልጄ» አሉኝ። የፋኑ ቤት ላይ የታተመው ቀስት ወደ ቀኝ ይላል፤ ፋኑ የሚዞረው ወደ ግራ ነው።

ለካ ቀደም ሲል የኤሌክትሪክ ቦርዱን ያዛወረልን ሠራተኛ ወደ ሞተሩ ከሚሄዱት ሦስት ፌዞች (የኤሌክትሪክ መስመሮች) ሁለቱን አቀያይሮ አስሯቸዋል። እንዴት ሳይታወቅ ቆየ ትሉ ይሆናል። የእኛ ዓይነቱ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቤት ያለው ፋን፣ ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩን የሚያወጣው በዚያው አቅጣጫ ነው። መጠኑ ብቻ በጣም ይቀንሳል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ቀጥታ የሚነፋው ዓይነት ቢሆን ኖሮ አየሩን ወደ ውስጥ ይመልሰው ስለነበር ያኔውኑ ይነቃበት ነበር። ጋሼ እንደገና ቆለፉ፣ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየሩ፣ አለቀ። ትልቅ ሞተር ቀረ!

ስለ ፑሌጃው የነገሩኝም አይረሳኝም። ፍጥነቱን በ10 ከመቶ ብንጨምር አየሩም የሚጨምረው በ10 ከመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚሸከመው ጉልበት ግን በ33 ከመቶ ያድጋል። ያውም እዚህ ከፍታ ላይ። ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብለው ነው የሚሠሩት፤ እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም።

ካስነሱት በኋላ ክላምፕ ሜትር (በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) አውጥተው ሦስቱንም ፌዝ ለየብቻ ለኩ፣ ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ታርጋ ጋር አስተያዩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ችግር አለ ማለት ነው፤ አንዱ ጭራሽ ከጠፋ ሞተሩ ይቃጠላል። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጫን የሚያጠፋው ኦቨርሎድ ከታርጋው በላይ ተደርጎ አገኙትና አወረዱት። «ይህ የተገጠመው ሞተሩ እንዳይቃጠል ነው፣ አስቸገረን ብሎ ከፍ የሚያደርገው ሰው ሞተሩን እየሸጠ ነው» አሉ።

በመጨረሻ ፋኑ አየር መሳቡን ማየት ነበረብን። አንዱ ልጅ ዕጣን እናጭስና ጭሱ የት እንደሚሄድ እንይ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ግን ቲነር ቤት ውስጥ ፍም! ጋሼ በሳቅ፣ «ዕጣኑን ለቡናው አቆየው» ብለው ሶፍት ቀደዱ። ቁራጩን ፋኑ አየር የሚስብበት ማጣሪያ ላይ ሲያስጠጉት ልጥፍ አለ። በሩን ሁሉ ዝጉ አሉና እንደገና ሞከሩት፤ ሶፍቱ ላላ። የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣም የለም፣ ስለዚህ በተቃራኒው ግድግዳ የአየር መግቢያ አስከፈቱን። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ የአየር መሳቢያው ዝቅ ብሎ ወለል አካባቢ መሆኑንም አረጋገጡ። ጭምብሉ ግን አይቀርም ብለውናል፣ ያውም የአቧራው ሳይሆን ከሰል ያለበት።

በማግስቱ ሳንጠራቸው መጡ። አዲስ የተወጠረ ቺንጋ ትንሽ ከሠራ በኋላ ይላላል ብለው እንደገና ወጠሩት፤ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እንከን ካላችሁኝ፣ ችኩል ለሆነ ሰው አይመቹም። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፣ እሁድም አይሠሩም። ዋጋቸው አይጎዳም፣ ዕቃ ሲያስፈልግም ራሳችሁ ከመርካቶ እንድትገዙ ይነግሯችኋል እንጂ ትርፍ አይጨምሩበትም። ቁጥራቸውን አደባባይ ላይ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትደውሉላቸው የሞተሩን ታርጋ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።